አያቴ ያረደችው በግ

ጥር 13፣ 2009 ዓ.ም.፣ ደሴ

አጎቴ ትናንት ማታ ከፓዊ፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገባ። ሳሎናችን መሀል ግማሽ ማዳበሪያ አኩሪ አተር ተቀምጧል። እናቴ ዙሪያውን ስትዞረው አመሸች። ምን እንደሚደረግበት ግራ ገብቷታል።

እኔ እሱን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም በልጅነቴ። ስለዚህ «አንቱ» አልኩት። ሳቀብኝ። «የእናትሽ ወንድም ነኝ እኮ! አንተ በይኝ» አለ። አፌ እስኪለምድ ሦስት ስኒ ቡና ፈጀ።

እሱና እናቴ ያደጉት እዚሁ ደሴ አጠገብ፣ ኩታበር ነው። ደጋ ነው፣ ገብስና ስንዴ የሚያውቅ አገር። በ1977 አጎቴ የ19 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ሰማዩ ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንዱ በሬ ሞተ፣ ሌላው በማይረባ ዋጋ ተሸጠ። እሱ እህል ይታደላል ወደተባለበት መጠለያ ወረደ። እዚያው ለሰፈራ ተጻፈ።

«ወደህ ነው የሄድከው?» አልኩት።

«ተመዝገቡ አላሉንም። ተመዝግባችኋል አሉን» አለኝና ስኒውን አዞረው።

ያኔ ወደ 600 ሺህ ሰው ነው ከየቦታው እየተነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው። ከግማሽ በላዩ ወሎዬ ነው። አንዱ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ አሶሳና ጋምቤላ ወረደ። የአጎቴ ዕጣ አውቶቡስ ሆነና መተከል፣ በለስ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ፓዊ የሚባለው ቦታ ደረሰ። የኩታበር ሰው ያን የመሰለ ሙቀት አያውቅም። «ከአውቶቡሱ ስወርድ እሳት ያለበት ቤት የገባሁ መሰለኝ» ይላል። ሣሩ ከሰው በላይ ነው። ያን እየመነጠሩ፣ እንጨት እየቆረጡ ጎጆ ቀለሱ። ጎጆዎቹ ገመድ ተወጥሮ በመስመር ነው የቆሙት።

መንደሮቹ ስም አልወጣላቸውም። ቁጥር ነው የተሰጣቸው። እስከ ዛሬ ሰዉ የሚጠራቸው በቁጥር ነው። አጎቴን «የት ነህ?» ያለው ሁሉ «መንደር 7» የሚል መልስ ያገኛል። ጎረቤታችን ዛሬ ጠዋት ይህን ስትሰማ የሆስፒታል ክፍል መስሏት «ምን አመመው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ወባ ነው። ስለ እሱ ብዙ አያወራም። «ጠዋት መቃብር ቆፍረን ከሰዓት ምንጣሮ እንወጣ ነበር» አለና ወሬውን ወደ ትራክተር አዞረው። ትራክተር ሲነሳ ፊቱ ይፈካል። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር ሳሊኒ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ማሽን ይዞ ገባ። ሆስፒታል ተሠራ፣ መንገድ ወጣ፣ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። እርሻው የጋራ ነው። ገበሬው በሠራው ልክ ነጥብ ይያዝለታል፣ ቀለብ ይሰፈርለታል። «ገበሬ ሆኜ እህል በወረፋ ተቀበልኩ፤ ጎተራ ያልነበረኝ ገበሬ ነበርኩ» ሲል እናቴ ከንፈሯን መጠጠች።

መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ትራክተሩ ቆመ፣ ቀለቡም ተቋረጠ። መሬቱ ለየቤተሰቡ ተከፋፈለ። በሬ የገዛው በሬውን ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ጨረሰበት። ቆላ ነው፣ በሽታውን የሚያመጣው ዝንብ አያስቀምጥም። አጎቴ ለዓመታት በመቆፈሪያ ነው ያረሰው። መቆፈሪያ አያያዝ ያስተማሩት ደግሞ ከከምባታ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ከነሱ አንዷን አገባ። ልጆቹ አማርኛውንም ከምባትኛውንም ይናገራሉ። ቤቱ ሲበሉ አንድ ጎን ቆጮ፣ አንድ ጎን የማሽላ እንጀራ ነው አሉ።

ብዙው ሰው ያኔ ትቶ ተመልሷል። የእኛም አገር ሰዎች በእግርም በመኪናም መጡ። ሲደርሱ መሬታቸው ለሌላ ተሰጥቷል። ደሴ ገብተው ተሸካሚ የሆኑ አውቃለሁ። አጎቴ ለምን እንዳልተመለሰ ጠየቅኩት። የሚያሳዝን ነገር ጠብቄ ነበር። «ማሽላዬ አልታጨደም ነበር» አለ።

አንድ ነገር ግን እኔ ሳልጠይቀው ራሱ አነሣ። ሲወስዷቸው «ባዶ መሬት ነው» ተብለው ነበር። ባዶ አልነበረም። ጉሙዞች ያርሱታል፣ አንዱን ማሳ ሲደክም ትተው ወደ ሌላው ይዞራሉ፣ ያድኑበታል፣ ማር ይቆርጡበታል። ያረፈ ማሳቸው ነው ጠፍ የተባለው። «እኛን ከቤታችን አነሡን፣ እነሱን ደግሞ በእኛ አስነሡ» አለ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ዝም አልን። የሰፋሪ ታሪክ ሲነገር ምንጣሮውና ትራክተሩ ይወራል፣ ይህ ግን ይዘለላል። እኔም እስከ ዛሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አሁን ፓዊ ከተማ ነው። ባንክ አለው፣ ገበያው ይደምቃል። አጎቴ በቆሎና ማሽላ ያመርታል፣ አኩሪ አተሩን ለነጋዴ ይሸጣል። ይህን ሲያወራ ደረቱን ይነፋል። ደግ አደረገ! ያን ሁሉ ሣር የመነጠረው እሱ አይደል?

እዚህ ቤት ግን አጎቴ ለሰባት ዓመት የሞተ ሰው ነበር። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። ወባው ጨረሳቸው የሚል ወሬ ብቻ ነው የሚመጣው። አያቴ አለቀሰች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠች። የነበራትን አንድ ጥቁር በግ አርዳ ሰደቃ አወጣችለት። ዱዓ ተደረገ፣ ጎረቤት በላ፣ «ነፍሱን ይማረው» ብሎ ተበተነ።

በ1984 ከዚያ የተመለሰ አንድ የአገር ሰው በሯን አንኳኳ። «እሱማ ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት» አላት። እናቴ እንደምትለው አያቴ ለረጅም ጊዜ አልተነፈሰችም። ከዚያ መጀመሪያ ያለችው «ታዲያ በጌንስ?» ነው።

ይህን ታሪክ እናቴ መቶ ጊዜ ነግራኛለች። ሁልጊዜ እየሳቀች ጀምራ እንባዋን እየጠረገች ነው የምትጨርሰው። ትናንት ማታ አጎቴ ባለበት ስትነግረኝ ግን እንባ አልነበረም። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

በረካው ሲቀዳ እናቴ አኩሪ አተሩን ምጣድ ላይ ጣል አድርጋ ቆላችው። ዘሎ ዘሎ ግማሹ ምድጃው ውስጥ ገባ። ቀመሰችው። «ዘይት ዘይት ይላል» አለች፣ ደስ ሳይላት።

«እታለም፣ እኛ እኮ ከሽሮ ጋር ነው የምናስፈጨው» አላት።

«እኛ» ያለው እነማንን እንደሆነ እሷም እኔም ገብቶናል። እናቴ ቆሎውን ወደ እኔ ገፋችና በሶ ልትበጠብጥለት ተነሣች።

አያቴ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው። አጎቴ ለቀብሯ አልደረሰም። በልጅነቴ ሲመጣ ደግሞ ከመንገድ ገንዘቡ የተረፈው ነገር አልነበረም። ትናንት ሊተኛ ሲል ከጃኬቱ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ብር አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት።

«ይሄ የእማዬ በግ ነው። ዕዳ አለብኝ» አለ።

ነገ በጠዋት ሦስታችንም ኩታበር እንወጣለን። በጉን እኔ ነኝ የምከራከረው፣ እሱ የዘንድሮን ዋጋ አያውቅም፣ እናቴ ደግሞ ቶሎ ትሸነፋለች። ጥቁር መሆን አለበት ብላለች።