7 እና 8 ምን ያህል ይራራቃሉ?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለች ጥያቄ አለች። ሁለት ኢንቲጀሮች (ሙሉ ቁጥሮች) በባይነሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፉ፣ ስንት ቢት (ስንት የ0 ወይም የ1 ቦታ) ላይ ይለያያሉ?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱን ኤክስኦር ማድረግ። የተመሳሰሉበት ቦታ 0፣ የተለያዩበት ደግሞ 1 ይሆናል። ከዚያ 1ዎቹን መቁጠር ነው። 29 በባይነሪ 11101 ነው፣ 15 ደግሞ 01111። ኤክስኦራቸው 10010 ይሆናል። ሁለት ቦታ ይለያያሉ ማለት ነው።

እኔን የሚማርከኝ ቆጠራው ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት ከተጻፈ 32ቱንም አንድ በአንድ ማየት ይቻላል፤ ግን አያስፈልግም። ከቁጥሩ ላይ 1 ቀንሼ ውጤቱን ከራሱ ከቁጥሩ ጋር ኤንድ ካደረግኩት (ሁለቱም 1 የሆኑበትን ቦታ ብቻ 1 ካደረግኩ)፣ በስተቀኝ መጨረሻ ላይ ያለው 1 ብቻ ይጠፋል። ሌላው አይነካም። 10010 ወደ 10000፣ ከዚያ ወደ 0። ሁለት ዙር፣ አለቀ። ብዙዎች ዘዴውን በኮምፒውተር ሳይንቲስቱ በብሪያን ከርኒገን ስም ነው የሚያውቁት፤ ፒተር ዌግነር ግን በ1960 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ስሙ ቢነሳለት ደስ ይለኛል።

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ኢንቲጀሩን በ32 ቢት አይገድብም። ኤክስኦሩ ኔጋቲቭ ከሆነ ሉፑ (ድግግሞሹ) 0 ላይ አይደርስም፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አስቀድሞ የታችኛውን 32 ቢት ብቻ ማስቀረት ነው።

ይህ በቢት የሚቆጠር ልዩነት የሃሚንግ ርቀት ይባላል። ሪቻርድ ሃሚንግ ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ፣ ሰው በሌለበት ቅዳሜና እሁድ ማሽኑ ስህተት ሲያገኝ የእሱን ሥራ ትቶ ወደ ሌላው ያልፍ ነበር። ስህተት መኖሩን ካወቀ ለምን አያርመውም ብሎ ተነሳ። በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መልስ ግሩም ነው። ኮዶቹ (መረጃውን የሚወክሉት የ0 እና የ1 ድርድሮች) እርስ በርስ ቢያንስ 3 ቢት ከተራራቁ፣ አንድ ቢት ቢበላሽም የተበላሸው ኮድ ከሁሉም ይልቅ ለትክክለኛው ይቀርባል።

ርቀት እንዲህ ሲለካ ቁጥሮች ጎረቤት ይቀይራሉ። 0 እና 8 በአንድ ቢት ብቻ ይለያያሉ። 7 እና 8 ግን፣ 0111 እና 1000፣ በአራቱም! የሚሽከረከር ዘንግ የሚያነብ ሴንሰር እዚህ ጋ ይቸገራል። አራቱ ቢቶች እኩል ካልተቀየሩ ለቅጽበት 15 ወይም 0 ሊያነብ ይችላል። የፍራንክ ግሬይ ኮድ የመጣው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። በእሱ 7 0100፣ 8 ደግሞ 1100 ይሆናል። የሚቀየረው አንድ ቢት ብቻ ነው።