የጠራው ግድግዳ

ከሌሊት ዱቲ ወጥቼ ወደ አቶቴ በባጃጅ ስመለስም ያ የራጅ ፊልም ከዓይኔ አልጠፋም። ሐዋሳ ገና ጭጋጓን አልገፈፈችም ነበር።

ሌሊት 8 ሰዓት ግድም አንድ አባት ልጃቸው ደግፏቸው ገቡ። ሆዳቸው እንደ ጣውላ ደርቋል። «አባባ፣ መቼ ጀመረዎት?» ስላቸው፣ «ትናንት ማታ ልጄ፣ ድንገት በጩቤ የተወጋሁ መሰለኝ» አሉኝ። ይሄኔ መንቃት ነበረብኝ። መቆም ስላቃታቸው የሆድ ራጁ በጀርባቸው ተኝተው ተነሳ።

ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅዬ እንደለመድኩት ለካሁ። ትንሹ አንጀት ከ3 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ ከ6፣ የትልቁ አንጀት መነሻም ከ9 አላለፈም። የቡና ፍሬም የለም። (ሲግሞይድ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ያለው ክፍል፣ ሲጠመዘዝ በአየር ተነፍቶ ሆድ የሚያህል የቡና ፍሬ ይመስላል፤ ሲዳማ ተቀምጦ እሱን የሚስት ሐኪም ያለ አይመስለኝም።) ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በዲያፍራሙ ሥር፣ ከአንጀት ያመለጠ አየር የሚሠራውን ጥቁር ማጭድ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ካርዱ ላይ «ነጻ አየር የለም» ብዬ ጻፍኩ። ይባስ ብዬ የራጅ ባለሙያውን «የአንጀቱ ግድግዳ እንዴት ጠርቶ ወጣልህ!» ብዬ አመሰገንኩት።

ሲኒየሯ ሐኪም መጥታ ፊልሙን ዝም ብላ አየችው። ከዚያ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዱን የአንጀት እጥፋት እየተከተለች፣ «የግድግዳው የውስጥ ጠርዝ ይታይሃል?»

«አዎ።»

«የውጩስ?»

እሱም ይታያል። በእርሳስ የተሰመረ ይመስል ጥርት ብሎ።

«ለምን ታየህ?»

ያኔ ላብ አጠመቀኝ። ራጅ ላይ አየር ጥቁር፣ ሥጋና ፈሳሽ ግራጫ ነው። በጤናማ ሆድ አየሩ ያለው አንጀት ውስጥ ስለሆነ የግድግዳው የውስጥ ጠርዝ ብቻ ይለያል፤ የውጩ ከጎረቤቱ ጋር ግራጫ በግራጫ ሆኖ ይጠፋል። ሁለቱም ከታዩ ውጭም አየር አለ፤ አንድ ቦታ ተበስቷል ማለት ነው። ሪግለር የተባለ ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. የጻፈው ምልክት ነው፤ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ማጭዷ ዲያፍራም ሥር የምትገባው ሰው ቀና ሲል ነው፤ በጀርባው ከተኛ አየሩ ወደ ሆዱ ፊት ይንሳፈፋል። እኔ በተኛ ሰው ፊልም ላይ የቆመ ሰው ምልክት ስፈልግ አመሸሁ።

በግራ ጎናቸው አስተኝተን፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀን ደገምነው። በጉበታቸውና በጎድናቸው መካከል ጥቁር ሰንበር ወጣ። ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የአንጀት ክፍል ላይ የነበረ ቁስል ተበስቶ ኖሯል፤ ሊነጋ ሲል ተሰፋላቸው።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባታቸው በፊት ካርዱን ተቀብዬ የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ከጎኑ ሰዓቱን ጽፌ ፈረምኩ። ከስርዙ ሥር «ነጻ አየር የለም» የሚለው አሁንም በደንብ ይነበባል።