አንድ ድንጋይ፣ ሁለት የመዳብ ሰሌዳ

ኮፐንሃገን ስኖር የዴንማርክ የመልክዓ ምድር ሥዕል ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ተራራ እያየ ያደገ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ዳኖች ሂመልቢዬር፣ “የሰማይ ተራራ” የሚሉት እንኳ 147 ሜትር ነው። ሜዳ፣ ደመና፣ ትንሽ ባሕር፣ በቃ።

የገባኝ በእጄ ስሞክረው ነው። ማታ ማታ የኤቺንግ (በመዳብ ሰሌዳ ላይ መስመር በአሲድ እያስበሉ ሥዕል የማተም ጥበብ) ኮርስ ጀመርኩ። ለልምምድ የዴንማርካዊውን ሠዓሊ የዮሃን ቶማስ ሉንድቢን የ1839 ሥዕል መረጥኩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የሚያሳየው ዴንማርክ ውስጥ ራክሌቭ የሚባል ቦታ አካባቢ ያለ የድንጋይ ዘመን መቃብር ነው። የቆሙ ድንጋዮች ሌላ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል። እንዲህ ያሉት መቃብሮች ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው።

በኤቺንግ መዳቡን በስሱ ሰም ትቀባዋለህ፣ ሰሙን በመርፌ እየጫርክ ትሥላለህ፣ ከዚያ አሲድ ውስጥ ትነክረዋለህ። አሲዱ የሚበላው የተጫረውን ብቻ ነው። ብዙ በቆየ ቁጥር መስመሩ ይጠልቃል፣ ሲታተምም ይጠቁራል።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ ሁሉንም እኩል አስበላሁት። ባሕሩም ድንጋዩም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ወጣ። ግራና ቀኙም ተገለባብጧል፤ ሰሌዳ እንደ መስታወት መሆኑን ረስቼ ነበር። አስተማሪዬ ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። “ከዚህ ውስጥ ላንተ የቱ ይበልጣል?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። በ1807 እንግሊዞች ኮፐንሃገንን ደብድበው መርከቦቿን ወሰዱ። በ1813 መንግሥቱ ከሰረ። በ1814 ኖርዌይ ከእጁ ወጣች። አገር እንዲህ ስትጠብ ሰው የቀረውን አፈር ደግሞ ማየት ይጀምራል። በዚያው ዘመን ደግሞ እነዚያ ጥንታዊ ድንጋዮች ለግንባታ እየተፈለጡ ያልቁ ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ሆየን በ1844 ሠዓሊዎች ፊታቸውን ወደ ገዛ አገራቸውና ሕዝባቸው እንዲያዞሩ አጥብቆ ተናገረ። ሉንድቢ ግን ቀድሞም እዚያው ሜዳ ላይ ነበር። ለእኔ ያ ድንጋይ “ከሽንፈቱ በፊትም እዚህ ነበርን” ይላል።

ሁለተኛውን ሰሌዳ ስሠራ ንድፉን በስስ ወረቀት ገልብጬ አስተላለፍኩ። ከአሲዱ ቶሎ አውጥቼ ሰማዩንና ባሕሩን አሲድ በማያሳልፍ ቫርኒሽ ደፈንኩ። መልሼ ነከርኩት፣ ቀጥሎ ዛፎቹን ደፈንኩ። ድንጋዩን መጨረሻ ድረስ ተውኩት። ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ ስገልጠው ከተሸከሙት ድንጋይ ሥር ያለው ጥላ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ ነበር። አሁን መርፌ ከማንሳቴ በፊት ለራሴ የምጠይቀው የአስተማሪዬን ጥያቄ ነው።

የአገር ፍቅሩ ዋጋም አስከፍሏል። በ1848 ዳኖችና ጀርመኖች በሚወዛገቡባት በሽሌስቪግ ግዛት ምክንያት ጦርነት ሲነሳ ሉንድቢ በፈቃዱ ዘመተ። ቤድስተድ የሚባል ቦታ ላይ በድንገት በባረቀ የወገን ጠመንጃ ሞተ፤ ገና 29 ዓመቱ ነበር። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሰሌዳውን ቀለም ቀብቼ በጨርቅ ስወለውል፣ ድንጋዩ ጋ ስደርስ እጄ ቀስ ይላል።