የመጀመሪያዋ ባለ ድርብ ክንፍ ሞዴሌና የሽቦዎቹ ነገር

ካሜል የተባለችው የአውሮፕላን ሞዴሌ ተሠርታ አለቀች። ሽቦዎቿ በሙሉ ተወጥረዋል። በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ሳላያት አላልፍም። እስከ ዛሬ የሠራኋቸው ሞዴሎች ሁሉ ባለ አንድ ክንፍ ናቸው፤ ድርቡን የሸሸሁት በክንፎቹ መካከል የሚወጠረውን ሽቦ ፈርቼ ነው። በዚሁ ምክንያት ኪቱን (የሚገጣጠሙትን የሞዴል ክፍሎች) ገዝቶ ካርቶኑን ያልከፈተ ካለ፣ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

የመረጥኩት የቼኩን ኩባንያ የኤድዋርድን ሶፕዊዝ ካሜል ነው፣ በ1/48 መጠን፣ ማለትም ርዝመቷ ከእውነተኛዋ 48 ጊዜ ያነሰ። እ.ኤ.አ. በ1917 ጦር ግንባር የገባች የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ናት። በዚህ መጠን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች።

ኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) እና ሞተሩ ላይ አልቆይም፤ ሌላ ሞዴል የሠራ ሰው አይቸገርባቸውም። ስለ ቀለሙ ግን አንድ ነገር ልበል። የላይኛው አካሏ የተቀባው ፒሲ10 በሚባለው ቀለም ነው። አረንጓዴ ነው ወይስ ቡናማ የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። ቀለሙ የሚቀመመው ከቢጫ አፈርና ከጥቀርሻ ስለነበር ሁሌ አንድ ዓይነት አይወጣም። እኔ ወደ ቡናማው አዘንብያለሁ። ትክክለኛው ይሄ ብቻ ነው ብሎ የሚያስጨንቃችሁን አትስሙት።

አሁን ወደ ሽቦው። ብዙ ሰው የመመሪያውን ሥዕል እያየ ከዚህ ነጥብ ወደዚያ ነጥብ ሽቦውን የሚተካ ክር ይጎትታል። እኔ በዚህ አላምንም። ክር ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱ ሽቦ ምን እንደሚሠራ ተረዱ። የእውነተኛዋ ክንፎች እንጨትና ጨርቅ ናቸው፣ ብቻቸውን ጭነት አይችሉም። አውሮፕላኗ ስትበር አየሩ ክንፎቹን ወደ ላይ ሊያጥፋቸው ይታገላል። ይህን የሚይዘው የበረራ ሽቦ ነው፤ የታችኛው ክንፍ ከአውሮፕላኗ አካል ጋር ከሚገናኝበት ተነስቶ ሁለቱን ክንፎች ወደሚያገናኘው ውጭኛ ምሰሶ አናት ይወጣል። መሬት ላይ ስትሆን ደግሞ ክንፎቹ በራሳቸው ክብደት ወደ ታች ይስባሉ። ያኔ ሥራው የማረፊያ ሽቦው ነው፤ ከላይኛው ክንፍ መሃል ተነስቶ ወደ ውጭኛው ምሰሶ ግርጌ ይወርዳል። በፊትና በኋላ ምሰሶዎች መካከል የተጠላለፉት ደግሞ ክንፉ እንዳይጠመዘዝ ይይዛሉ። ይህ ከገባችሁ ሥዕሉን ማየት ትተዋላችሁ። የጎደለ ሽቦ ካለም ዓይናችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ክሩ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ብሱ። 0.3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበቃል። ቀዳዳው ሽቦው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያዘንብል፤ ቀጥ ብሎ ከተበሳ ክሩ አፉ ላይ ይታጠፍና ያስቀይማል።

የክሩ ምርጫ ብዙ ያከራክራል። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይወዳሉ። ናይለን ሙቀት ሲያገኝ ስለሚኮማተር፣ የላላውን የሚጤስ የዕጣን እንጨት በማስጠጋት እንደ ክራር ክር ይወጥሩታል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ናይለን ክንፍ ይጎትታል። አንዱን ጎን ስትወጥሩ ሌላው ይዛነፋል። ለጀማሪ አልመክረውም። ለጀማሪ የሚሆነው የሚለጠጠው ክር ነው። ክንፉን አይስብም፣ በድንገት እጅ ቢነካውም ተመልሶ ይወጠራል። እኔ የተጠቀምኩት ኢዚ ላይን የሚባለውን ነው። እዚህ ሱቅ አላገኘሁትም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስይዙት። አንድ ጥቅል ለብዙ ሞዴል ይበቃል።

ውፍረቱን አስሉት። በእውነተኛዋ አውሮፕላን 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ በ1/48 ሲሆን 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የወፈረ ክር ሞዴሉን አሻንጉሊት ያስመስለዋል።

ኢዚ ላይንን የወደድኩበት ሌላው ምክንያት ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። የእንግሊዞቹ ሽቦም ክብ ሳይሆን አየሩን እንዲሰነጥቅ ጠፍጠፍ ያለ ነበር። ችግሩ ጠፍጣፋ ክር ይጠመዘዛል። ትዕግሥቴን የጨረሰው ይሄ ነው። መላው እንዲህ ነው። አንዱን ጫፍ የላይኛው ክንፍ ቀዳዳ ውስጥ ለጥፉና ይድረቅ። ሌላውን ጫፍ በወረንጦ ይዛችሁ ከርቀቱ ትንሽ እንዲያጥር ቁረጡት። ጫፉን ሱፐር ግሉ አስነኩና ሳባችሁ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ። ሙጫው ሳይጨብጥ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ክሩን እዩት። ካልተጠመዘዘ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሆኖ ይሮጣል። ከተጠመዘዘ መሃል ላይ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ወረንጦውን ትንሽ አዙሩትና ይስተካከላል። ሱፐር ግሉን ከቱቦው በቀጥታ አታፍስሱ። ፎይል ላይ ጠብ አድርጉና በመርፌ ጫፍ ውሰዱ። ለዚህ ሥራ አዲስ ቱቦ ክፈቱ፤ የቆየው ቶሎ አይዝም።

ከውስጥ ወደ ውጭ ሂዱ። በአብራሪው ፊት ባሉት አጫጭር ምሰሶዎች መካከል ያሉትን መጀመሪያ ጨርሱ፤ ውጭኛዎቹ ከታሰሩ በኋላ ወረንጦ አይገባም። በካሜል ላይ ደግሞ የላይኛው ክንፍ ቀጥ ያለ ሲሆን የታችኛው ወደ ጫፉ ሲሄድ ወደ ላይ የሚያቀና ነው። ክንፎቹን በካርቶን ድጋፍ አስተካክላችሁ ለጥፉና አንድ ሌሊት ሳያድር ክር አታስሩ።

አንድ የምናዘዘው ነገር አለ። በእውነተኛዋ ካሜል የበረራ ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። እኔ ነጠላ አድርጌያቸዋለሁ። የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያየዋል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ከተዘበራረቀ ጥንድ ንጹህ ነጠላ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለተኛዋን ካሜል በጥንድ እሠራታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ፖቴዝ 25ን መሥራት እፈልጋለሁ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ አምጥቶ አዲስ አበባ ያሳረፈው አውሮፕላን ነው። የታችኛው ክንፉ ከላይኛው በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ የሽቦዎቹ አቀማመጥ ከካሜል ይለያል። የአዲስ አበባውን ፖቴዝ ከጎን የሚያሳይ ጥርት ያለ ፎቶ ያላችሁ፣ በተለይ በክንፎቹ መካከል ያለው ሽቦና የጅራቱ ምልክት የሚታይበት፣ እባካችሁ አካፍሉኝ።