ጉበት ላይ ደርሷል ሲባል

የታላቅ እህቴ የአንጀት ካንሰር ጉበቷ ላይ መድረሱን የሰማነው በሰው አገር፣ በስልክ አስተርጓሚ በኩል ነው። «ደረጃ አራት»፣ ማለትም ካንሰሩ ከተነሳበት ወደ ሌላ አካል ተሰራጭቷል ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ ያለቀለት ነገር አድርጎ ያዘው። ሐኪሟ ግን «ገና ነው፤ ሊወጣ ይችላል» አሉ።

ከአንጀት የሚመለስ ደም ልብ ጋ ከመድረሱ በፊት በጉበት ያልፋል። የካንሰሩ ሴሎችም በዚያው መንገድ ሄደው ብዙ ጊዜ እዚያው ያርፋሉ። ደግነቱ ጉበት ተቆርጦ መልሶ ያድጋል። ጤነኛ ከሆነ እስከ 70 በመቶ ገደማው ቢወጣ እንኳ የቀረው ሥራውን ይቀጥላል። ዕጢዎቹን በሙሉ ማውጣት ከተቻለ አንዳንዱ ሰው ጨርሶ ይድናል።

«ታዲያ ለምን ዛሬውኑ አይቆርጡልኝም?» አለች እህቴ። እኔንም ያንገበገበኝ ይኸው ነበር። የእሷ ዕጢ ትልቅ የደም ሥር ተጠግቶ ስለነበር መጀመሪያ በኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሴሎችን በሚገድል መድኃኒት፣ ማሳነስ አስፈለገ። ኬሞው በምስል የማይታዩትንም ሴሎች ይመታል። ሲበዛ ግን ጉበቱን ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ ዙሩን ይመጥኑታል፤ ከመጨረሻው በኋላም ጉበቱ እስኪያገግም ጥቂት ሳምንታት ይጠብቃሉ። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ጣቶቿን ያደነዝዛት ነበር። ቀዝቃዛ ነገር ስትነካ እንደ መርፌ ይወጋታል። ፍሪጁን የምከፍትላት እኔ ነበርኩ።

ለሁሉም ሰው ግን ቅደም ተከተሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ 364 ሕሙማን የተሳተፉበት የአውሮፓ ጥናት ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 6 ዙር፣ በኋላ 6 ዙር ኬሞ መስጠት የበሽታውን ማገርሸት እንደሚያዘገይ ጠቆመ። በኋላ የወጣው ክትትል ግን ዕድሜ ማርዘሙን በግልጽ አላሳየም። ለዚህም ነው ዕጢው ጥቂትና በቀላሉ የሚወጣ ሲሆን ቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባው።

ከኬሞው በኋላ አንዱ ነጠብጣብ ከምስሉ ጠፋ። እኛ እልል አልን። ቀዶ ሐኪሙ ግን «ምስሉ ላይ ጠፋ ማለት ሴሉ ሞተ ማለት አይደለም» ብለው ቦታውን አብረው አወጡት። አሁን ቀሪውን ኬሞ እየወሰደች ነው።

በስደት ያላችሁ ወገኖቼ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጆቻችሁን እንዲህ ያለ ነገር አታስተርጉሟቸው፤ ይከብዳቸዋል። ከዚያ «የጉበት ቀዶ ሐኪም ምስሉን አይቶታል ወይ?» በሉ። ዛሬ አይወጣም የተባለ ዕጢ በኬሞ ሲያንስ ውሳኔው ሊቀየር ይችላልና፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ይህንኑ ደግማችሁ ጠይቁ።