በድምፅ ማጉያ የሚያለቅስ ደወል

የደቡብ ኮሪያዋ ከተማ ግዮንግጁ ስደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ጃንጥላዬን ባቡሩ ውስጥ ረስቼ ስለወረድኩ ከብሔራዊ ሙዚየሙ በር እስከ ደወሉ መጠለያ ያለውን ግቢ በሩጫ አቋረጥኩት። መጠለያው ግድግዳ የለውም፤ ጣሪያና ዓምድ ብቻ ነው። ነሐሱ ከመካከል ተንጠልጥሏል፤ አፉ ለመሬት በጣም ስለሚቀርብ ከሩቅ ላየው ቁጭ ያለ ይመስላል። ጠጋ ስል ከሥሩ መሬቱ ጎድጎድ ተደርጎ መቆፈሩን አየሁ፤ ድምፁ እንዲያስተጋባ ነው።

የመዝገብ ስሙ የታላቁ ንጉሥ ሶንግዶክ ቅዱስ ደወል ነው፤ ሕዝቡ ግን ኤሚሌ ይለዋል። ክብደቱ 18.9 ቶን፣ ቁመቱ 3.66 ሜትር፣ የአፉ ስፋት 2.27 ሜትር። ቁጥሩን ቀደም ብዬ አንብቤው ምንም አልመሰለኝም ነበር። አጠገቡ ስቆም ግን አንገቴን ወደ ኋላ ካልጣልኩ በቀር አናቱን ማየት አልቻልኩም።

አናቱ ላይ አንድ ዘንዶ ተጎንብሶ ደወሉን በጀርባው ተሸክሟል። ከጀርባው ደግሞ ክፍት ቱቦ ቆሟል፤ ይህ ቱቦ የኮሪያ ደወሎች መለያ ነው። ከቻይና በመጣው አፈ ታሪክ መሠረት ዘንዶው ዓሣ ነባሪ ይፈራል፤ ዓሣ ነባሪ ሲመታው ይጮኻል። ደወሉም በሆዱ ውስጥ የሚወዛወዝ መምቻ የለውም፤ ከውጭ በአግድም በተንጠለጠለ ግንድ ይመታል፤ ግንዱም የዓሣ ነባሪው ምሳሌ ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ የሚበርሩ ሰማያዊ ፍጡራን የዕጣን ማጨሻ ይዘው በሎተስ አበባ ላይ ተንበርክከዋል፤ የልብሳቸው ጫፍ እንደ ጭስ ወደ ላይ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለ ስስ ነገር ከቀለጠ ብረት ይወጣል ብዬ አላምንም ነበር።

ደወሉን ያስጀመረው የጥንታዊው የኮሪያ መንግሥት የሺላ ንጉሥ ግዮንግዶክ ነው፤ ለአባቱ ለሶንግዶክ መታሰቢያ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የታሪክና የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ሳምጉክ ዩሳ እንደሚለው 120,000 ግን (የዘመኑ የክብደት መለኪያ ነው) መዳብ ሰጠ፤ ፍጻሜውን ግን ሳያይ ሞተ። ልጁ ሄዬጎንግ እ.ኤ.አ. በ771 አስጨረሰው። አባት የጀመረውን የአያት መታሰቢያ ልጅ ፈጸመው ማለት ነው።

ኤሚሌ የሚለው ስም የመጣው ከአንድ አንጀት የሚበላ ተረት ነው። ደወሉ በተደጋጋሚ ቢፈስስም አልሰምር አለ። ለሥራው ምጽዋት የሚሰበስብ መነኩሴ ወደ አንዲት ድኻ እናት ቤት ሲመጣ «ከዚህች ልጄ በቀር የምሰጠው የለኝም» አለችው። በኋላ ልጅቷ ተወስዳ ከቀለጠው ነሐስ ጋር ተጨመረች፤ ከዚያ ወዲህ ደወሉ ሲመታ «በእናቴ ምክንያት» እያለ ያለቅሳል ይላሉ።

እኔ አላመንኩትም። በደወሉ ጎን ላይ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የቻይና ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ስለ ሕፃን አንዲት ቃል የላቸውም። ሳምጉክ ዩሳም ስለ ነገሥታቱና ስለ መዳቡ እንጂ ስለ እሳቱ ሰለባ አያወራም። የሚታመነው መክሸፉ ነው። የደወል ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ሲያንስ ድምፁ ይደነዝዛል፣ ሲበዛ ደወሉ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። ሃያ ቶን የሚጠጋ ትኩስ ፈሳሽ ያለ ማቋረጥ ወደ ቅርጹ መግባት አለበት፤ በቅርጹ ውስጥ የቀረ እርጥበት ወይም አየር የወራት ሥራን ገደል ይከታል። ይህን ሁሉ ኪሳራ ያየ ሕዝብ፣ በመጨረሻ የተሳካው በስንት ዋጋ ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ ጥበቃው ጣቱን ወደ ጆሮው፣ ከዚያም ወደ ላይ አመለከተኝ። ከድምፅ ማጉያ ደወሉ መጣ። አዎ፣ ከድምፅ ማጉያ! ነሐሱ እንዳይጎዳ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በመደበኛነት አይመታም፤ ጎብኚ የሚሰማው ቅጂውን ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለካሴት ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ከዚያ ግን ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ድምፁ ቀጥ ብሎ አይሞትም። ይርቃል፣ ጠፋ ሲሉት ይመለሳል፣ ደግሞ ይርቃል። ኮሪያውያን ሜንግኖሪ ይሉታል፤ የደም ሥር ምት ጨዋታ እንደማለት ነው። የደወሉ አካል ዙሪያውን ፍጹም እኩል ስላልሆነ እጅግ የተቀራረቡ ሁለት ድምፆች አብረው ይወጣሉ፤ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። በሰከንድ 64 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበው ወፍራሙ ድምፅ በየ3 ሰከንዱ ያህል ያብጣል ይሟሽሻል። ልቅሶ የተባለው ይኸው ነው። ደወሉ ፍጹም ክብ፣ ፍጹም እኩል ቢሆን ኖሮ አያለቅስም ነበር።

ቂሜ ግን አልወጣልኝም። ሴኡል ተመልሼ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቦሺንጋክ ሄድኩ፤ በከተማው መካከል ያለ የደወል ቤት ነው። በጆሰን ነገሥታት ዘመን ማታ 28 ጊዜ ሲመታ የከተማው በሮች ይዘጋሉ፣ ንጋት ላይ 33 ጊዜ ሲመታ ይከፈታሉ። እ.ኤ.አ. በ1468 የተሠራው አሮጌው ደወል ጡረታ ወጥቶ ሙዚየም ገብቷል፤ አሁን ያለው የ1985 ነው፤ በየአዲሱ ዓመት ዋዜማ እኩለ ሌሊት 33 ጊዜ ይደወላል። እዚህ ጎብኚም ይመታል።

ግንዱን በገመድ ይዘን በግራና በቀኝ ቆምን። አስተባባሪዋ ሁለት ጊዜ አወዛወዘችንና በሦስተኛው «ልቀቁት» የሚል ምልክት ሰጠች። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ከዚያ ቀርበን መዳፋችንን በነሐሱ ላይ እንድንጭን ተፈቀደልን። ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ድመት ሆድ ይርገበገባል። የመኪናው ጩኸት ድምፁን ከጆሮዬ ሲነጥቀው መዳፌ ግን ገና እየሰማ ነበር፤ ቀጣዩ ተራ ጠባቂ ትከሻዬን እስኪነካኝ ድረስ እጄን አላነሳሁም።