ከፕሮክሲው ጀርባ ያለውን ግንኙነት መፈተሽ፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ አራት ኪሎ ካለው ቢሯችን ሁሉም ወጥተው ዘበኛው «አልጨረስክም እንዴ?» ሲለኝ፣ ለሁለት ሳምንት ስከታተለው የነበረውን የ502 ስህተት በፈለግሁ ቁጥር ማስነሣት ቻልሁ። 502 ማለት ፕሮክሲው፣ ማለትም በደንበኛውና በሰርቨሩ መካከል ቆሞ ጥያቄና መልስ የሚያቀባብለው ፕሮግራም፣ ከሰርቨሩ ትክክለኛ መልስ ሳያገኝ ሲቀር የሚመልሰው የስህተት ቁጥር ነው። ስህተት በማስነሣቱ ሰው እንዲህ ይደሰታል ወይ እንዳትሉኝ፤ እንደ ልቡ እየመጣ የሚሄድን ስህተት ማረም እንደማይቻል እናንተም ታውቁታላችሁ።

አንዴ የተከፈተ ግንኙነት ሳይዘጋ ለሚቀጥለውም ጥያቄ እንዲውል፣ ኤንጂንኤክስ የተባለውን ፕሮግራም ፕሮክሲ አድርጎ ማቆም፣ ከኋላ ካለው ሰርቨር ጋር በኤችቲቲፒ 1.1 እንዲነጋገር ማዘዝና «ኮኔክሽን» የተባለውን ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚላክ መግለጫ መስመር) ባዶ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የመጀመሪያው ፍተሻዬ ግን ከንቱ ነበር። ከርል በተባለው የጥያቄ መላኪያ መሣሪያ ሁለት ጥያቄ አከታትዬ እልክና ግንኙነቱ ዳግም መዋሉን የሚገልጸውን መስመር ሳይ «ይሠራል» እል ነበር፤ መስመሩ የሚናገረው ግን በእኔና በፕሮክሲው መካከል ስላለው ግንኙነት ብቻ ነው። ኋላ ላይ በፓይተን አስመሳይ ሰርቨር ጻፍሁና የተቀበለውን እያንዳንዱን ግንኙነት ቆጥሮ ቁጥሩን በመልሱ ውስጥ እንዲልክ አደረግሁ። ሁለት ጥያቄ አንድ ዓይነት ቁጥር ካልመለሰ ፍተሻው ይወድቃል። አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ሲወድቅብኝም፣ እያንዳንዱ ዎርከር (ኤንጂንኤክስ ሥራውን ከሚያካፍላቸው ሂደቶች አንዱ) ክፍት ግንኙነቶችን የሚያኖረው ለየብቻው መሆኑን ተረዳሁ፤ ስለዚህ በፍተሻ ጊዜ ዎርከሩን አንድ ብቻ አደርገዋለሁ።

ወደ 502 ልመለስ። ስህተቱ የሚታየው ደንበኞች ትዕዛዝ ሲመዘግቡ፣ ማለትም በፖስት (ለሰርቨሩ መረጃ በሚያስረክብ ጥያቄ) ብቻ ነበር። የኖድ ጄኤስ ሰርቨራችን ሥራ የፈታ ግንኙነትን በ5 ሰከንድ ይዘጋል፤ ኤንጂንኤክስ ግን ያንኑ ግንኙነት ለ60 ሰከንድ ክፍት ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። ሰርቨሩ ሊዘጋ ሲል ፕሮክሲው ጥያቄ ከላከበት መልስ አይመጣም። ጥያቄው ጌት (መረጃ ለማምጣት ብቻ የሚላክ) ከሆነ ፕሮክሲው አዲስ ግንኙነት ከፍቶ በዝምታ ይደግመዋል፤ ፖስትን ግን ከስሪት 1.9.13 ጀምሮ፣ ካልተፈቀደለት በስተቀር፣ አንዴ ከላከው አይደግመውም።

ይህን ለመያዝ መጀመሪያ 5 ሰከንድ የሚጠብቅ ፍተሻ ጻፍሁ፤ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። በሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ፍተሻ ፍተሻ አይደለም የሚል አቋም የያዝሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን አስመሳዩ ሰርቨር የመጀመሪያውን ጥያቄ በወጉ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን በዚያው ግንኙነት ላይ ያነብብና አንዲት ባይት ሳይልክ ይዘጋዋል። ጌት ሁልጊዜ 200 (ተሳክቷል ማለት ነው) እና አዲስ የግንኙነት ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ፖስት ሁልጊዜ 502።

አንድ ባልደረባዬ «ፖስትም ይደገም ብለን እንፍቀድለትና እንገላገል» አለኝ። አልተስማማሁም፤ ሰርቨሩ ትዕዛዙን መዝግቦ መልሱን ሳይልክ ዘግቶ ከሆነ አንዱ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ይልቅ ከስሪት 1.15.3 ወዲህ ባለው ቅንብር፣ ፕሮክሲው ከኋላ ያለውን ሥራ ፈት ግንኙነት በ4 ሰከንድ፣ ከሰርቨሩ ቀድሞ፣ እንዲዘጋ አደረግሁት።

አስመሳዩ ሰርቨር ግን ሰዓት ስለማያይ ፖስቱ በፍተሻው ላይ ዛሬም 502 ያመጣል፤ የሚጠበቅ ውጤት ብዬ መዝግቤዋለሁ። የ4 ሰከንዱን ቅንብር የሚያረጋግጠው ፍተሻ ደግሞ፣ ከላይ ያን ሁሉ ተናግሬ፣ 4.5 ሰከንድ ተኝቶ የግንኙነት ቁጥሩ መቀየሩን የሚያይ ነው። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ጻፉልኝ።